ኦፍ ነኝ

እንግሊዝኛ ሳስተምር የምጠላት አንዲት ቃል አለች፤ ኦፍ። ከየግሱ ኋላ ትለጠፍና ነገሩን ትገለብጠዋለች። መብራቱ ኦፍ ሆነ ሲባል ጠፋ ነው። ወተቱ ኦፍ ሆነ ሲባል ተበላሸ ነው። የሰዓቱ ደወል ኦፍ አለ ሲባል ግን ጮኸ ማለት ነው። እዚህ ላይ ስደርስ ተማሪዎቼ ይስቁብኛል። «ቲቸር፣ ጠፋ ወይስ ጮኸ?»

እኛም ቃሏን ተቀብለን እንደፈለግን አድርገናታል። የተዘጋ ስልክ ኦፍ ነው። ተረኛ ያልሆነ ነርስም ኦፍ ነው። ሳጉሬ በነርስነት የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ኦፍ ሲሆን በሚኒባስ አሰላ ይመጣል፤ ከእኔና ከእናታችን ጋር ይውላል። «ኦፍ ነኝ» ካለ እናቴ ድንች መላጥ ትጀምራለች።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ክፍል ልገባ ስል በእንግሊዝኛ መልእክት ላከልኝ፤ አይ አም ኦፍ ይላል። ሌላ ጊዜ በአማርኛ ነበር የሚጽፍልኝ። ዛሬ ደግሞ ምን ነካው አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ «እንግዲያው ለምሳ ድረስ» ብዬ መለስኩለትና ለእናቴም ደወልኩላት።

የምሳ ሰዓት አለፈ። ስደውል ስልኩ ተዘግቷል። ሚኒባሱ ጎማ ተንፍሶበት ጎሚስታ ቤት ቆመው ይሆናል አልኩ። እናቴ ወጡን ደግማ አሞቀች። «ያን ሁሉ ጩኮ ጨርሶት ይሆን?» አለች። ጩኮ ከተቆላ ገብስና ከቅቤ የሚሠራ የአርሲ ስንቅ ነው፤ ቢያስቀምጡት ቶሎ አይበላሽም። ባለፈው ሲመጣ እጥፍ አድርጊልኝ ብሏት ነበር፤ ለጓደኞቹ መስሏት ባልዲ ሙሉ ሠራችለት። ያን ጊዜ ሙያዋ በመወደዱ ደስ ብሏት ነበር። እኔ አሁን ባልዲውን ሳስበው የሩቅ መንገድ ስንቅ መሰለኝ።

ጓሮ ወጥቼ አብሮት ለሚሠራው ነርስ ደወልኩ።

«አካም ጂርታ፣ እታለም» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ።

«ወንድሜ ዛሬ ኦፍ ነው አይደል?»

«እታለም፣ እሱ እኮ ሥራ ለቋል። ነግሯችሁ መስሎኝ። ከሁለት ልጆች ጋር ዛሬ ንጋት ላይ ተነሱ። በሞያሌ በኩል ነው ያሉት።»

መልእክቱ ያኔ ገባኝ። እኛ ከሰው ቤት ስንወጣ «በሉ ሄድኩ» እንደምንለው፣ እንግሊዞቹም አይ አም ኦፍ ይላሉ። በአማርኛ ቢጽፈው «ሄድኩ» ማለት ነበረበት፤ እኔም ክፍሉን ጥዬ መናኸሪያ እሮጥ ነበር። ስለዚህ ሁለት ፊት ያላትን ቃል መረጠ። ዋሸኝ እንዳልል አልዋሸኝም። በጣም ተናደድኩበት፤ ንዴቱ ግን እዚያው ቆሜ ሳለሁ ፍርሃት ሆነ። በዚያ መንገድ የሄዱ የሰፈራችን ልጆች ብዙ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ገብተው ሱቅ የከፈቱ አሉ። መርዷቸው መጥቶ ድንኳን የተጣለላቸውም አሉ። ከሁሉ የምፈራው ሦስተኛዎቹን ነው፤ ምንም ያልተሰማላቸውን። እናቶቻቸው ማልቀስም ተስፋ ማድረግም አቅቷቸው ይኖራሉ።

ወደ ቤት ስገባ እናቴ ከጓዳ ወጣች። የወንድሜን ወፍራም ጃኬት ይዛለች። ባለፈው ሲመጣ ከበሩ ኋላ ሰቅሎት ሄዷል። በጥቅምት ብርድ ከአሰላ ያለ ጃኬት የሚወጣ ሰው የለም፤ ቆላ ሊወርድ ያሰበ ካልሆነ በቀር። እሷ ግን እንዲያ አላሰበችም።

«ረስቶት ነው» አለች። «ዛሬ ተረኛ አድርገውት ነው የቀረው። በዚህ ውርጭ ሲያድር ምን ይለብሳል? መኪና ሳይጠፋ አድርሺለት።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አቧራውን አራግፋ፣ እጀታዎቹን አጥፋ ሰጠችኝ። ተቀበልኳትና ወደ ሳጉሬ መኪና ለመያዝ ወጣሁ።