አፕዴት ስጠብቅ ከቅሬ ጸሐፊነቴ ልወርድ ነበር

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ነው። ዛሬ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን የምስቅበት ጊዜ አለ። ያን ሰሞን ግን አንድ ስልክ እንደዚያ አንገቴን ያስደፋኛል፣ ኋላም እንደዚያ ቀና ያደርገኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሰይድ እባላለሁ። ከሐይቅ ከተማ ወደ አርዲቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች መንደር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ቀስ በቀስ ብርሃኔን ወሰደው። መጀመሪያ የመርፌ ቀዳዳ ጠፋኝ፤ ከዚያ የሰው ፊት፤ በመጨረሻ ሁሉም ነገር። አሁን ባለቤቴ ፋጡማ ትቆርጣለች፣ እኔ ደግሞ በእጄ እየዳበስኩ እሰፋለሁ። ቀጥ ያለ ስፌት ላይ ከማንም አላንስም።

ስፌቱን ተላመድኩት። አልላመድ ያለኝ የቅሬው ነገር ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀብርበት፣ አብሮ የሚያስተዛዝንበት ማኅበር ነው። እኔ የመንደራችን ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። በየወሩ አንድ እሁድ ረፋድ ላይ ወይራው ሥር ስንሰበሰብ ስም የምጠራው እኔ ነኝ። የተጠራው "አለሁ" ይላል፤ የቀረው ይመዘገባል። ከዓይኔ በፊት ብዙ ዓመት ሠርቼበታለሁ። በመንደር ውስጥ ሰው የሚያሰኘኝ ነገር ቢኖር እሱ ነበር።

ዓይኔ ሲደክም ለማንም አልተናገርኩም። መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ገልጬ፣ የማነብ እየመሰልኩ በቃሌ እጠራ ነበር። ቅጠሉን ሳይቀር እገልጣለሁ። ሰው ሁሉ አውቆ ዝም ብሎኝ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ጥር ላይ ጉዴ ወጣ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የቀበርነውን ጎረቤታችንን ሙሄን፣ በአፌ እንደለመድኩት ጠራሁት። "ሙሄ እንድሪስ!" አልኩ፤ ያውም ጮክ ብዬ። አለሁ የሚል የለም። አሁንም አልገባኝ ብሎ ደገምኩት። ያኔ ከሴቶቹ በኩል የባለቤቱ የሰዓዳ ሲቃ ተሰማኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ማታውኑ የቅሬው ዳኛ ጋሽ አራጋው ቤቴ መጣ። ከእኔ በዕድሜ ብዙም አይበልጥም፤ አብረን ነው ያደግነው።

"ሰይድ ወንድምዓለም፣ ማንም አልተቀየመህም" አለኝ። "ግን መዝገብ የሚያነብ ሰው ያስፈልገናል። እስከ ግንቦት እኔው ልጥራ። ግንቦት ላይ ሌላ ጸሐፊ እንመርጣለን።"

"ግንቦት ላይ እኔው አነብባለሁ" አልኩት።

"በምንህ?"

"በጆሮዬ።"

እልህ ነው ያናገረኝ። ግን ጨርሶ ያለ ነገር አልነበረም። ሐይቅ ከተማ ስልክ የምትሸጥና የምትጠግን መሰረት የምትባል ሴት አለች። ስልኬ ላይ ጣቴ የነካውን ሁሉ በድምፅ የሚናገር ነገር የከፈተችልኝ እሷ ናት። ችግሩ ድምፁ እንግሊዝኛ እንጂ አማርኛ አያውቅም። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ከዚፕና ከሳንቲሜትር አያልፍም። የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ስልኩ ዝም ይላል። ከእህቴ የመጣ መልእክት ሳይቀር ሰው ካላነበበልኝ አላውቀውም።

"አይዞዎት ጋሽ ሰይድ፣ በሚቀጥለው አፕዴት አማርኛ ይናገራል ተብሏል" አለችኝ መሰረት።

"መቼ ነው የሚመጣው?"

"በቅርቡ ነው የሚለው።"

በቅርቡ የምትለዋን ቃል እንደዚያ ወራት ጠልቻት አላውቅም። የካቲት ገባ፣ የካቲት ወጣ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ። ሁለት ቀን ሳልፈጅ ለመሰረት እደውላለሁ። የስልክ ኩባንያው ባለቤት እሷ ይመስል እቆጣታለሁ። ክርስቲያን ናት፤ ግን የእኛ አገር ሰው ናትና "ወላሂ ስልዎት ይመኑኝ እንጂ! ሲመጣ እኔው እደውላለሁ" ትለኛለች።

መጋቢት ላይ መጣ ተባለ። ፋጡማን ይዤ በባጃጅ ከነፍኩ። አፕዴቱ ወረደ፤ ስልኩ ጠፋ፣ ተመልሶ በራ። ጣቴን የአማርኛ ጽሑፍ ላይ አሳረፍኩ። ዝም።

ዝምታውስ ባልከፋ። የነበረውን ሁሉ ቦታ ቦታውን አስለቅቆ ሄደ እንጂ! እኔ ስልኬን የማውቀው በጣቴ ነው። ከታች በቀኝ ጥግ ፋጡማ ነበረች፤ ስነካት ይደወልላታል። አሁን ፋጡማ የት እንደገባች አላውቅም። በማግሥቱ ገበያ ወጥታ ስትዘገይብኝ ልደውልላት ብዬ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያነሳው ጋሽ አራጋው ነው። ለቅሬ ዳኛ በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ሲደወልለት ምን እንደሚያስብ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል።

"ሰይድ፣ እውነቱን ንገረኝ" አለኝ በሦስተኛው። "ማን ሞተ? ድንኳኑን ላስወጣ?"

"ማንም አልሞተም። አፕዴት ነው" አልኩት።

"የማን ቤተሰብ ነው እሱ?" አለኝ።

ሚያዝያ ላይ ደግሞ የባሰ መጣ። ውጫሌ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ከድጃ ደወለችና "ሰይዶ፣ ስማ እስቲ" ብላ አንዱን ስልኳን ካንዱ አስጠጋችው። የሴት ድምፅ ነው፤ ጥርት ባለ አማርኛ የእህል ዋጋ ያነብባል። የእሷ ስልክ አፕዴቱ ደርሶታል። እሷ ዓይኗ ደህና ነው፤ ምን ያደርግላታል? "እንኳን ደስ አለሽ" ብዬ ዘጋሁባት።

"በእህትህ ትቀናለህ?" አለችኝ ፋጡማ።

"እቀናለሁ" አልኳት። ምን እዋሻለሁ።

ከድጃ ግን ደግ ናት፤ መልሳ ደውላ ስልኬን ልላክልህ አለችኝ። የእህል ንግዷ ሁሉ በእሱ ላይ ነውና እንቢ አልኩ። መሰረትም አፕዴቱ ለየስልኩ ዓይነት በየተራ እንደሚመጣ አስረዳችኝ። ተራዬ እስኪደርስ ቁጭ ብዬ አልጠበቅኩም። ፋጡማ ከትክክለኛው መዝገብ ላይ እያየች፣ ከመቶ የሚበልጠውን የአባል ስም በስልኬ ላይ በአማርኛ ጻፈችልኝ። ስድስተኛ ክፍል ናት ያቋረጠች። ፊደሉን እየፈለገች ስምንት ቀን ፈጀባት። የሞተውን እያወጣች፣ በእሱ ምትክ የገባውን እያስገባች። "አደራሽን፣ ሙሄን አውጪው" እላታለሁ። "አውጥቼዋለሁ አልኩህ፤ ስንቴ ልበልህ!" ትለኛለች።

ዝርዝሩ አለቀ፤ የሚያነብበው ጠፋ። ግንቦት ገባ። በእኔ ቦታ የሚመረጠው ይማም የሚባል ጎረቤታችን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ይማም ደህና ሰው ነው፤ ስም ሲጠራ ግን እንደሚያሳድዱት ሰው ነው። ይህን ለፋጡማ ብቻ ነው የነገርኳት።

ስብሰባው እሁድ ነው። ሐሙስ ቀን ስልኬ ጮኸ።

"ጋሽ ሰይድ፣ መጣ!" አለች መሰረት። "የእርስዎ ዓይነት ስልክ ተራው ደርሷል!"

ዓርብ ስንሄድ መብራት የለም፤ ኔትወርኩም አብሮ ሄዷል። ተመለስን። ቅዳሜ ማለዳ ሱቋ በር ላይ ተገኘን። ማውረድ ጀመረ። ከመቶ ሠላሳ ላይ ደርሶ ቆመ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ "ስንት ደረሰ?" እላለሁ፤ መሰረት ደንበኛ እያስተናገደች "ሠላሳ" ትላለች። ከሰዓት በኋላም ሠላሳ ነው።

"ሐይቁ ዳር ኔትወርኩ ይሻላል፤ ዓሣ ሻጮቹ እዚያ ነው በስልክ የሚያወሩት" አለችና ሱቋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ፣ የራሷን ባትሪ ስልኬ ላይ ሰክታ ይዛን ወረደች። የራሷን ገበያ ጥላ! ከውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አርባ፣ ስልሳ፣ ሰማንያ አለች። ዘጠና ላይ ሲደርስ እኔ ዱዓ ጀመርኩ። ፋጡማ ክንዴን ጨብጣ ይዛኛለች።

ስልኩ ጠፍቶ በራ። መሰረት የስም ዝርዝሩን ከፈተችና ጣቴን ወስዳ አሳረፈችው።

"አህመድ ሰይድ" አለች አንዲት ሴት፣ ከእጄ ውስጥ።

ወደ ታች ገፋሁ። "አለሙ ካሳ" አለች። ገፋሁ። "አሚናት ይመር"። ፋጡማ እልልታዋን አቀለጠችው። ዓሣ ሻጮቹ ሙሽራ የመጣ መስሏቸው ዞር አሉ አሉ። እኔ አለቀስኩ። ማንንም ሳልለምን አንድ ቃል ያነበብኩት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

እሁድ ረፋድ ወይራው ሥር ተሰበሰብን። ጋሽ አራጋው "ሰይድ ዛሬ በስልክ እያነበብኩ ልጥራ ብሏል፤ እንየው" ሲል ሸህ ኢብሬ ተነሡ። ሸህ ኢብሬ ከሁላችንም የሚበልጡ አባት ናቸው፤ ቅሬውን ከመሠረቱት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

"ቅሬ የሰው ነው" አሉ። "ስልክ ሰው አይቀብርም። እኔ ለስልክ አለሁ አልልም። ይኸው ነው።"

"የሚጠራው እኔ ነኝ አባ" አልኳቸው። "ስልኩ ለእኔ ብቻ ነው የሚነግረኝ።" እውነትም ማዳመጫውን በአንድ ጆሮዬ ሰክቼ ነበር። ጋሽ አራጋው የቀረውን ሊመዘግብ መዝገቡን ይዞ ጎኔ ተቀመጠ። ልቤ እንደ ስፌት መኪና ይመታል።

ጀመርኩ። እሷ በጆሮዬ ትናገራለች፣ እኔ ጮክ ብዬ እጠራለሁ። "አለሁ!" ይላል። ገፋ። "አለሁ!" ገፋ። አሥር ያህል ስም እንደጠራሁ ድምፄ ተስተካከለ፤ የድሮው ሰይድ መጣ። ደስታው ይሁን ምን እንጃ፣ ጋቢዬን ወደ ትከሻዬ መለስ ሳደርግ የማዳመጫው ገመድ ተጠልፎ ከስልኩ ተነቀለ። ጣቴ ደግሞ ወደሚቀጥለው ስም ገፍቶ ነበር።

"ሸህ ኢብሬ ይመር" አለች ሴትዮዋ፣ ወይራው ሥር ለተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ።

"አለሁ!" አሉ ሸህ ኢብሬ፣ ከሁሉም ጮክ ብለው።

ሸህ ኢብሬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስማቸው በዚያ ቦታ ሲጠራ ሳያስቡ የሚመልሱ ሰው ናቸው፤ አፋቸው ቀደማቸው። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ሴቶቹ ሳቁ፣ ይማም ሳቀ፣ ጋሽ አራጋው መዝገቡን ጣለው። እኔ ግን ፈራሁ። ሸህ ኢብሬን ያሳቀቅኳቸው መሰለኝ።

ሳቁ በረድ ሲል "እንዲያው ለመሆኑ፣" አሉ ሸህ ኢብሬ፣ "ይቺ ሴት የማን ልጅ ናት? ስሜን አሳምራ ነው የጠራችኝ።"

አንዱ ከኋላ "እንግዲያው ሁሉንም እሷው ትጥራን!" አለ። ብዙዎቹም ትጥራን አሉ። ጋሽ አራጋው አልተቀበለም።

"አይሆንም" አለ። "ሰይድ፣ እሷ ለአንተ ትንገርህ፤ አንተ ለእኛ ንገረን። እኛ የለመድነው ያንተን ድምፅ ነው።"

ገመዱን መልሼ ሰካሁና ቀጠልኩ። ከመሐል ላይ ስደርስ ድምፁ በጆሮዬ "ሰዓዳ ሐሰን" አለኝ። በባሏ ቦታ የገባችው ሰዓዳ ናት። ከጥር ጀምሮ ፊቷ መቆም አቅቶኝ መንገድ ሳሳብር ነበር።

"እታለም ሰዓዳ ሐሰን!" ብዬ ጠራሁ።

"አለሁ ወንድሜ" አለች። "አላህ ይጨምርልህ።"

እስከ መጨረሻው ስም ድረስ አንድም ሳልሳሳት ጠራሁ። ይማም መጥቶ "እሰይ፣ ገላገልከኝ! ለእኔ ሸክም ነበር" ብሎ አቀፈኝ፤ ለፋጡማ እሱን ማማቴ አሳፈረኝ። ጋሽ አራጋው ተነሥቶ "ዛሬ ጸሐፊ እንመርጣለን ብዬ ነበር" አለ። "ጸሐፊ የሚመርጠው ጸሐፊ የሌለው ቅሬ ነው።" መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው። ሸህ ኢብሬ ዱዓ አደረጉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አሜን አለ። እንዲህ ያለ ኩራት በሠርጌም ቀን አልተሰማኝም፤ ፋጡማ ይህን እንዳትሰማ።

ይኸው እስከ ዛሬ ጸሐፊው እኔ ነኝ። በየወሩ ያቺን እሁድ እንደ ዒድ ነው የምጠብቃት። ልብሴን አስተኩሼ፣ ስልኬን ቻርጅ ሞልቼ፣ ከሁሉም ቀድሜ ወይራው ሥር እገኛለሁ። ሰሞኑን ስልኬ አዲስ አፕዴት መጥቷል እያለ ይወተውተኛል፤ ያውም በአማርኛ። ይወትውት። ስም ጠርቼ ሳልጨርስ ማንም አይነካውም።