የአራሷ ግራ እግር

ሰው ማሸት እንጀራዬ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ማሳጅ እሠራለሁ። በሙያው ሠልጥኛለሁ፤ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ወረቀትም አለኝ፤ ሰፈሩ ግን ወረቀቴን ከቁብ አይቆጥረውም። ለእነሱ «እጇ የሚያድን» ሴትዮ ነኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ሲሉኝ ደስ ይለኛል።

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ አንገቱ የደረቀ የቢሮ ሠራተኛ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ዕቃ ሲያነሳ ሲጥል የዋለ ነጋዴ፣ ሐሳብ እንቅልፍ የነሳት ሴት ሲመጡ እጄን ታጥቤ እጀምራለሁ። ደክሞ የጠነከረ ጡንቻ መታሸት ይወዳል። ትኩሳት ያለው፣ ቆዳው የቆሰለ፣ ዛሬ ወድቆ ዛሬ ያበጠ ሰው ሲመጣ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው እላለሁ። ይቆጡኛል። አንዱ ቁርጭምጭሚቱ እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ መጣና «የሰፈራችን ወጌሻ እኮ ምንም ሳይጠይቅ ነው የሚያሸው» አለኝ። «እንግዲያውስ እሱ ጋ ሂዳ!» አልኩት። አፌ እንዲህ ነው፤ ለማንም አይመለስም።

አንድ ቀን ግን አፌ ከዳኝ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጎረቤቴ በኦፕራሲዮን ወልዳ ሁለት ሳምንት ሆኗታል። እናቷ ሊያርሷት ከአምቦ መጥተዋል። ጎበዝ ሴት ናቸው፤ ልጃቸውን ግን ከአልጋ አያስወርዷትም። ትንሽ ልንቀሳቀስ ስትል «ተኚ! አራስ አይደለሽም እንዴ?» ይሏታል። እኔን ደረጃ ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ በልደታ ይዤሻለሁ፣ ውጪና አራሷን እሺልኝ» አሉኝ። ወልዳ ሳትታሽ መቅረቷ ለእሳቸው ነውር ነው።

ወጣሁ። ጎንበስ ብላ ስታጠባ ትከሻዋና አንገቷ ደርቀው ነበር፤ ቀስ ብዬ አፍታታኋቸው። «ተባረኪ እትዬ፣ ነፍሴ መለስ አለች» አለችኝ። ሆዷን አልነካሁም፤ ቁስሉ ገና ነው። ከዚያ እናትየዋ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው «ይቺን ግራ እግሯን ደግሞ፤ ብርድ መትቷታል» አሉ።

እጄን ባቷ ላይ አሳረፍኩ። ይሞቃል፤ ተወጥሯል። ቀኙን ነካሁት፤ ምንም አልሆነም። ክው አልኩ። ስንሠለጥን አስተማሪያችን እስኪሰለቸን ድረስ የነገረችን ነገር ነበር። ከወሊድ፣ ከኦፕራሲዮን ወይም ብዙ ከመተኛት በኋላ አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ደም ስሩ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። እሱ እግር አይታሽም። ከታሸ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ሊገድልም ይችላል።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ዛሬ ይብቃት እማማ፣ ደክሟታል። እግሯን ነገ።» አራስ ፊት ክፉ ወሬ አይወራም፤ አራስ አትደነግጥም። እንዲህ ተብዬ ነው ያደግኩት። እሺ፣ እናትየዋን በር ላይ ነጠል አድርጎ መንገር ምን ነበረበት? ጀምሬ ነበር እኮ። «ልጅዎ . . .» አልኩና ፊታቸውን ሳይ «. . . ደህና ናት» ብዬ ጨረስኩት። ፈሪ!

ቤቴ ገብቼ መቀመጥ መቆም አቃተኝ። በማግስቱ ማለዳ የልደታ ማርያም ቅዳሴ ሳያልቅ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጥኩ ወጣሁ። በሩን ገፋ ሳደርግ እናትየዋ መዳፋቸውን ቅቤ ቀብተው ያንኑ እግር እያሹ ነው።

«አንቺ ሳትጨርሺው ሄድሽብኝ፤ ምን ላድርግ ብዬ» አሉኝ እየሳቁ።

«እማማ፣ በፈጠረዎት! እጅዎን ያንሱ!»

ደንግጠው አነሱ። እጃቸውን ይዤ ወጥ ቤት አስገባኋቸውና አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ አሁኑኑ ሐኪም ቤት መሄድ አለባት አልኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ቀጥለው ያሉት ግን «በሞቴ፣ ለእሷ እንዳትነግሪያት። ለክትባት ነው ብለን እንውሰዳት» ነበር።

«አይሆንም» አልኩ። ለትልቅ ሰው እንዲህ ብዬ መልሼ አላውቅም። ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳት።

ልጇን እንደታቀፈች ሰማችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ ከነጋ ጀምሮ ደረቴን ይወጋኛል፤ ትንፋሽም ያጥረኛል። እማዬ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለች።

ታክሲ ለምነን እንዴት እንደደረስን አላስታውስም። የረጋው ደም ቁራሹ ሳንባዋ ገብቶ ነበር። ሐኪሙ የደረቷን ነገር ቶሎ በመናገሯ ነው የተረፈችው አለን። ዛሬ ድና ልጇን ታሳድጋለች፤ ተመስገን። ያን ቀን ግን እሷ ክፍል ውስጥ ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ተደርጎላት ተኝታ፣ እናትየዋ ኮሪደሩ ላይ መዳፋቸውን በነጠላቸው ይጠርጉ ነበር። ቅቤው ከለቀቀ ቆይቷል።

«በገዛ እጄ ልገድላት ነበር» አሉ።

«እማማ፣ እኔ ከትናንት ጀምሮ አውቄ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መልሱ አንድ ነው፤ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው። ልጃቸው የተኛችበት ክፍል በር ፊት ለፊት ቆሜ ግን ይህን ለማለት አፈርኩ።