ጎታ ውስጥ የከረመው ጫማ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ልጄ አስካለ ገበያ እንደወጣች፣ ጫማዬን ፍለጋ ከአልጋዬ ወረድኩ...

ልቤን ከታመምኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ጎመን እየቀነጠስኩ ሳለ ደረቴን እንደ ድንጋይ ተጫነኝ፤ ግራ ክንዴ ደነዘዘ፤ በዚያ በአሰላ ብርድ ላብ አሰመጠኝ። ከዚያ ወዲህ መኝታ ቤቴ እስር ቤት ሆነብኝ። ግድግዳው በአሮጌ ጋዜጣ የተለበጠ ነው። ማንበብ የተማርኩትም ያለ አስተማሪ፣ ከዚሁ ግድግዳ ላይ ነው። ተኝቼ ስውል ሁሉንም በቃሌ ያዝኩት። ራስጌዬ ላይ ተዘቅዝቆ የተለጠፈው እንኳ አልቀረኝም...

ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው ሐኪም ባለፈው ሳምንት ደረቴን አዳምጦ፣ «እትዬ፣ ልብ ጡንቻ ነው፤ ተኝቶ አይጠነክርም» አለኝ። «በዚህ ሳምንት እስከ መንገዱ፣ በሚቀጥለው እስከ ባሕር ዛፉ ይሂዱ። ትንፋሽ ሲያጥርዎት ይቁሙ፤ ደረትዎን ካመመዎት ይመለሱ።»

እሱ ከግቢ እንደወጣ ጫማዬ ከአልጋው ሥር ጠፋ።

«አስካለ፣ ጫማዬስ?»

«ምን ያደርግልሻል እማዬ?»

«ሐኪሙ ሂጂ ብሎኛል እኮ።»

«ሐኪሙ ነገ ይዛወራል። የምቀብርሽ እኔ ነኝ!»

ምን ልበላት? የታመመ ልብ መነቃነቅ የለበትም የሚለውን የሰማችው ከእኔው ነው...

አባቷ ከሰባት ዓመት በፊት ልባቸውን ታመው ተኝተው ነበር። ሕመሙ ቀለል ሲላቸው ወጣ ብለው በቅሏቸውን ማየት አማራቸው። እኔ ግን ጎረቤቱ ሁሉ «የታመመ ልብ ከተነቃነቀ ይቆማል» እያለ ስላስፈራራኝ፣ ቡትስ ጫማቸውን ወስጄ ጓዳ ካለው አሮጌ የእህል ጎታ ውስጥ ከተትኩት። በጠየቁኝ ቁጥር፣ «ጫማ ሰፊው ዘንድ ነው» እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ትክ ብለው አዩኝና፣ «ምነው፣ ጫማ ሰፊው ሞተ እንዴ?» አሉኝ።

ስድስት ወር ተኙ። እግራቸው እንደ ዘነዘና ቀጠነ። ደጅ በቅሏቸው በጮኸች ቁጥር ወደ በሩ እንደዞሩ፣ እዚያው አልጋ ላይ አረፉ።

እናም ቅዳሜ ዕለት እጄ በቀጥታ ወደ ጎታው ሄደ። የእኔ ጫማ የለም። የሳቸው ግን እንዳስቀመጥኩት ነው። ቆዳው እንጨት ሆኗል፤ ማሰሪያውን አይጥ ጨርሶታል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ... ከዚያ አደረግኩትና በሲባጎ አሰርኩት።

ከመውጣቴ በፊት፣ የሁለት ወር ላብ የጠጣውን አንሶላና ብርድ ልብስ አንድ በአንድ አውጥቼ አጥሩ ላይ አሰጣሁ። በእኛ ሰፈር የበሽተኛ መኝታ የሚወጣው አስከሬኑ ከወጣ በኋላ እንደሆነ በፍጹም ትዝ አላለኝም።

ሄድኩ። ቆምኩ። ደግሞ ሄድኩ። የጭላሎ ተራራ ጭጋጉን ገፎ ቁልጭ ብሏል። መንገዱ ላይ ቅቤ ይዛ ወደ ገበያ የምትወርድ የገጠር ሴት አገኘችኝ።

«አካም ጅርቱ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝና ወደ እግሬ አይታ ሳቀች። «ይሄ ጫማ እርስዎን ጥሎ ሊሄድ ነው! የማን ነው?»

«የሟች ባለቤቴ ነው።»

«ታዲያ እሳቸው በምን ይሄዱ ነበር?»

ድንጋይ ላይ ብዙ ቁጭ ብዬ ተመለስኩ።

አጥሬ ጋ ስደርስ ለቅሶ ሰማሁ። ከእኔ ቤት ነው! ጎረቤቴ ብርቄ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ አልጋው ባዶ፣ መኝታው አጥር ላይ ሆኖ ብታገኘው ጊዜ እሪ ብላለች። ሰፈሩ ተሰብስቧል። አስካለ ከገበያ እየሮጠች ደርሳ መሬት ላይ ተዘርራለች። ብርቄ ደረቷን እየደቃች ሙሾውን ታወርደዋለች...

«ስድስት ወር ሙሉ ባሏን ከአልጋ ሳታወርድ ያስታመመች! እንዲህ ያለች አስታማሚ ከየት ትምጣ!»

ከሕመሙ ይልቅ ያ ሙገሳ ደረቴን ወጋኝ።

«ብርቄ!» አልኩ ከበሩ ላይ።

«በስመ አብ! ሳትገነዝ ተነሳች!» ብላ ሦስት ጊዜ አማተበች።

«አላስታመምኳቸውም። ጫማቸውን ደብቄ አሰርኳቸው እንጂ። ይኸው ጫማው።»

አስካለ ቀና ብላ ጫማውን አየች። ያን ጊዜ ልጅ ነበረች። አባቷ ጫማ ሰፊው ዘንድ እየላኳት ባዶ እጇን የምትመለሰው እሷ ነበረች...

ጓዳ ገብታ ከዱቄቱ ዕቃ ኋላ የእኔን ጫማ ይዛ ወጣች። ተንበርክካ ሲባጎውን ፈታች፤ የእኔን አጠለቀችልኝ።

«ብቻሽን ግን አትሄጂም» አለች እያለቀሰች።

ብርቄ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «እኔ የምለው፣ ያን ሁሉ እንባዬን ማን ይመልስልኛል?» ስትል ለቀስተኛው በሳቅ ፈነዳ።

«ለጊዜው አስቀምጪልኝ» አልኳት። «ሙሾውን ግን ቀይሪው።»

ትናንት ከአስካለ ጋር እስከ ባሕር ዛፉ ደረስን... የሳቸው ጫማ ወደ ጎታው አልተመለሰም፤ ደጅ፣ በቅሏቸው ትታሰርበት ከነበረው እንጨት ሥር ተቀምጧል።