ቢጫዋ ሹራብ

የመጀመሪያው ምልክት ሕመም አልነበረም። እግሬ ጠፋብኝ። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሚልፒታስ አጠገብ፣ ሣር ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ነበር። ነዳጅ ይሸታል። ጫማዬ ይታየኛል። ውስጡ ያለው እግር ግን የእኔ አይመስለኝም። "ዳዊት" አልኩ። አንድ ሰው መጥቶ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ያዘና "አትንቀሳቀሺ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

ዳዊት ታላቅ ወንድሜ ነው። ለትምህርት ቀድሞኝ አሜሪካ መጥቶ ሄሊኮፕተር ማብረር ተማረ፤ ኋላም አስተማሪ ሆነ። እኔ ሳን ሆዜ ኮሌጅ ስገባ "ሴት ልጅ ከሰማይ ምን ጉዳይ አላት" የሚሉትን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያስተምረኝ ጀመር። የዚያን ቀን የምንለማመደው ሞተር ቢጠፋ እንዴት እንደሚታረፍ ነበር። ወደቅን። በኋላ የመረመሩት ሰዎች የሄሊኮፕተሯ የጭራ ማርሽ አየር ላይ እንዳለች መሰበሩን አገኙ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው "ሴት ስለያዘቻት ነው የወደቀችው" የሚል ወሬ ስላለ ነው። የሚያወራ ያውራ።

የነቃሁት ሳን ሆዜ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሞርፊን እንዳደነዘዘኝ ነው። ዶክተሩ ቀስ ብሎ የሚናገር ረጅም ሰው ነበር።

"የወገብሽ አጥንት ፍራክቸር አለው፤ ተሰብሯል። ስፓይናል ኮርዱ፣ ማለትም ኅብለ ሰረሰሩ፣ ተጎድቷል፤ ግን የተቆረጠ አይመስለኝም" አለኝ።

"እራመዳለሁ?"

"አላውቅም።"

ስለዚህ መልሱ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ስለ ወንድሜ ስጠይቀው ግን "እሱን ቤተሰቦችሽ ይነግሩሻል" ብሎ ወጣ።

ቤተሰቦቼ ያላቸው ጋሽ መኮንንንና ባለቤታቸውን እትዬ አልማዝን ነው። ኦክላንድ ውስጥ ሌክ ሜሪት አጠገብ የሚኖሩ፣ በአካባቢው የነበርነውን ጥቂት ተማሪዎች እንደ ልጆቻቸው የሚሰበስቡ ታላላቆቻችን ነበሩ። "ዳዊት ኦክላንድ ሆስፒታል ነው፤ እግሩን ጀሶ አድርገውለታል። ሰላም በሏት ብሎናል" አሉኝ ጋሽ መኮንን።

አመንኳቸው።

አልጋዬ ስትራይከር ፍሬም ይባላል። ወገብ እንዳይታጠፍ በሁለት ሸራ መካከል ታስሮ እንደ ቂጣ የሚገላበጡበት ጠባብ ነገር ነው። ወደ ላይ ሲያዞሩኝ ጣሪያውንና አጎንብሶ የሚያናግረኝን ሰው ደረትና ፊት አያለሁ፤ ወደ ታች ሲያዞሩኝ ወለሉን ብቻ። ጠያቂ የሚገባው ወደ ላይ ስዞር ነበር። እትዬ አልማዝ ሁልጊዜ ቢጫ ሹራብ ለብሰው ይመጣሉ። እሳቸው ወጥተው ሌላዋ ስትገባ፣ እሷም ቢጫ ሹራብ። ሦስተኛዋ ላይማ ጠብባት ቁልፉ አልገጥም ብሎ ነበር። ፋሽን ነው ብዬ አለፍኩት።

ለዳዊት መልእክት እልካለሁ፤ መልስ ይመጣል። በርቺ ብሏል። ብዪ ብሏል። ዳዊት ብዪ ብሎኝ አያውቅም፤ ከሳህኔ ይነጥቀኝ ነበር እንጂ።

አንድ ቀን ነርሷ ዘገየችና ፊቴ ወደ ወለሉ እንደሆነ ጠያቂዎቹ ገቡ። የጥቁር ቀሚስ ጫፍ አየሁ። ጥቁር ካልሲ። ሌላ ጥቁር ቀሚስ። ሌላም።

"እትዬ አልማዝ፣ ሹራቧን ዛሬ ማን ነው የለበሳት?"

ከዚያ እትዬ አልማዝ ወለሉ ላይ ተንጋለው ፊታቸውን ከፊቴ ሥር አመጡ። ቢጫዋን የለበሱት እሳቸው ነበሩ።

"ዳዊት የለም፣ ልጄ። እዚያው ሣሩ ላይ ነው ያረፈው።"

"ቀበራችሁት?"

"ቀበርነው።"

ጋሽ መኮንን ከበሩ በኩል "ኮንዲሽንሽ ስቴብል እስኪሆን ብለን ነው፤ ለዶክተሩም ኤክስፕሌይን አድርገንለት ተስማምቷል" አሉ። ለካ ሴቶቹ ኮሪደሩ ላይ ሹራቧን እየተቀባበሉ ከሐዘን ልብሳቸው በላይ ይደርቡ ነበር። ለታመመ ሰው መርዶ እንደማይነገር አላጣሁትም። ሲያገግም በጠዋት ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳዋል። የሞተን ሰው ሰላምታ ማመላለስ ግን ከየት የመጣ ባህል ነው? ይህንኑ ጮኼ ጋሽ መኮንንን ጠየቅኋቸው። ታላቄ ናቸው፤ ጮኽኩባቸው። ይቅርታም አልጠየቅኩም።

ዶክተሩ ሲመጣ መቼ መቃብሩ ጋ እንደምሄድ ጠየቅኩት።

"በዊልቼር ከሆነ..."

"በእግሬ ነው።"

"ቃል ልገባልሽ አልችልም።"

"አንተ አትግባ። እኔ ገብቻለሁ።"

ስፓይናል ሾክ የሚባለው ድንዛዜ እየለቀቀ ሲሄድ መጀመሪያ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰች፤ ከዚያ ጉልበቴ፣ ከዚያም በብዙ ልመናና በብዙ ስድብ ግራው ተከተለ፤ ፊዚዮቴራፒስቷ በአማርኛ የምሰድበው እሷን እየመሰላት ትስቅ ነበር፣ እኔ ግን የምሰድበው እግሬን ነበር። እትዬ አልማዝ በየቀኑ ከኦክላንድ በአውቶቡስ እየመጡ፣ እኔ ባኮረፍኩበት ወራት ሁሉ፣ አልጋው እንዳያቆስለኝ ተረከዜንና ጀርባዬን እያገላበጡ ያዩና ጸጉሬን አጥበው ይጎነጉኑልኝ ነበር። ስለ ውሸቱ አላመሰግናቸውም። ስለ እጃቸው ግን ቃል የለኝም።

ከሆስፒታል ስወጣ ጥቁር ቀሚስ አሰፍተውልኝ ጠበቁኝ።

"ሹራቧን ስጡኝ" አልኳቸው።

"ለመቃብር? ሰው ምን ይላል?"

"የፈለገውን ይበል።"

ጋሽ መኮንን ዊልቼሩን ከመኪናው ሊያወርዱ ሲታገሉ እኔ የእግሬን ብሬስ፣ የብረት ድጋፉን፣ ቆልፌ፣ ክራንቼን ይዤ፣ ኦክላንድን ቁልቁል የሚያሳየውን የመቃብሩን ዳገት ጀመርኩት። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ሊያነሱኝ ሲመጡ ከለከልኳቸው። ቢጫዋ ሹራብ ክርኗ ላይ ተቀደደች። ደረስኩ።

"ዳዊት" አልኩት፣ "ሰላም ብሎሻል ሲሉኝ ነበር። እኔ ግን ራሴ መጣሁ።"

ያኔ አለቀስኩ። ማልቀሻዬን አቆይተውብኝ ነበርና ብዙ አለቀስኩ።

ወገባችሁ ተሰብሮ ለተኛችሁ፦ አላውቅም የሚል ዶክተር ካጋጠማችሁ አትፍሩት። ቆዳችሁን አስመርምሩ፣ ካቴተራችሁን፣ ማለትም የሽንት ቱቦውን፣ አስጠብቁ፣ እግራችሁን ስደቡ። ለምታስታምሙ ደግሞ፦ ሕመምተኛው ወገቡ ነው የተሰበረው። አርፎ የሚያለቅስበትን ቀን አትውሰዱበት። እኔም ነገ ታምሜ ልትጠይቁኝ ብትመጡ፣ ጥቁራችሁን እንደለበሳችሁ ግቡ።