በዲስክ የተላከ ምርቃት

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጁባ፣ ቡሉክ ሰፈር ውስጥ አንዲት ሴት ወፍ እንዳይበላባት ጎመኗ ላይ አሮጌ ዲስኮች አንጠልጥላ አየሁ። ነፋስ ሲያሽከረክራቸው ያብለጨልጫሉ። ከመካከላቸው አንዱ ፊቱ ጠቆር ያለ ነበር። ብሉሬይ ነው፤ አላጣውም። ዘንቢሌን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

በወጣትነቴ አትላባራ ሰፈር፣ እትዬ አስካለ ምግብ ቤት ወጥ እሠራ ነበር። ወንድሜ ሲያገባ የመኖሪያ ፈቃዴ ስላልታደሰ መሄድ አልቻልኩም። እናቴ በሠርጉ ማግስት ቪዲዮ ቀራጩ ፊት ተቀምጣ ለእኔ ብቻ መረቀችኝ። ስደውልላት፣ «ተይ፣ በአፍ አይደገምም፤ ስታይው ትሰሚዋለሽ» አለችኝ። ቀራጩም ለውጭ አገር ሰው ዲቪዲ አይላክም ብሎ ብዙ በሚይዘው፣ ምስሉ ጥርት ባለው ብሉሬይ ቀዳው። ጁባ ለእሱ ውጭ አገር ናት። እኛ ግን ጄኔሬተር ሲጠፋ በሻማ ሽንኩርት የምንከትፍ ሰዎች ነበርን።

ዲስኩ ሳይደርሰኝ እናቴ ታማ አረፈች።

በክረምቱ ጭቃ መሐል አንድ መንገደኛ ከበርበሬ ጋር የተጠቀለለውን ዲስክ አመጣልኝ። ምግብ ቤቱ ዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ ብንከተው አላነብ አለ።

«በርበሬ ገብቶበት ነው» አሉ እትዬ አስካለ።

«እትዬ፣ ለሚያውቅ ሰው እናሳየው።»

«አንቺ ደግሞ! ቢለቁሽ ወጡንም በቀይ እስክርቢቶ ታርሚያለሽ። ስንቱን ሲዲ አድኛለሁ፣ አምጪው!»

እጄን ሳልዘረጋ ከማጫወቻው አወጡት። ሁላችንም ሲዲ እንደምናጸዳው በጥርስ ሳሙና እሽት እሽት አደረጉት፤ እያለቀሱ ነበር። እናቴን በስልክ እንጂ በዓይን አይተዋት አያውቁም።

ቢያብሱትም አላነበበም። ቶንፒንግ ሰፈር አንድ ሆቴል የሚሠራ ያገራችን ሰው ብሉሬይ ማጫወቻ እንዳለው ሰምቼ፣ ጭቃውን በቦዳ ሞተር ብስክሌት አቋርጬ ሄድኩ። ገልብጦ አየው።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ድሮም በዲቪዲ አይሠራም። ማነው ያሸው? የዚህ ቀረጻ ከላይ ነው ያለው፣ ከስስ ሽፋን ሥር፤ ሲታሽ ይበላሻል።»

ቢሆንም ሞከረው። እናቴ ብቅ አለች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፣ መዳፎቿን ዘረጋች፣ ከንፈሯ ተከፈተ። ምስሉ ቆመ። ደጋግሞ ሞከረ፤ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ይቆማል።

«ኸላስ፣ አለቀ» አለ በቀስታ። «ማሌሽ፣ አይዞሽ እህቴ።»

ቀራጩ ዋናውን ለሌላ ሠርግ ቦታ ሲያስለቅቅ አጥፍቶት ነበር። የቀረኝ አጠገቧ ቆሞ የሰማው ወንድሜ ብቻ ነው። ስጠይቀው አንድ ጊዜ «ዘርሽ ይባረክ» አለች ይለኛል፤ ሌላ ጊዜ «የሰው አገር ይልመድሽ»። ትምህርት ዘግይቼ ስለጀመርኩ ነው መሰለኝ፣ ቃል ሲዛነፍ አልወድም። «ባለፈው እንዲህ አላልክም» እያልኩ ስንቴ አስጨነቅኩት። እትዬ አስካለን ግን ተቆጥቼ አላውቅም። እስኪሞቱ ድረስ የጥርስ ሳሙና በገዙ ቁጥር ዓይናቸውን ከእኔ ይመልሱ ነበር።

ያን ቅዳሜ ቤት እንደገባሁ ለወንድሜ ደወልኩለት። እሱም አርጅቷል፤ ድምፁ ሳል ይቀላቀልበታል።

«እስቲ ንገረኝ፣ ምን ነበር ያለችው?»

ጉሮሮውን ጠረገ። ላርመው የተዘጋጀሁ መስሎት ይሆናል። ከዚያ፣ «‹የደረስሽበት ሁሉ ቤትሽ ይሁን› ነው ያለችው፣ እታለም» አለኝ።

ከዚህ በፊት ይህን ብሎኝ አያውቅም። ከራሱም ይሁን ከእሷ፣ አልጠየቅኩትም።

«አሜን» አልኩ።