ሁለተኛ ድምፅ

ሰው ስለ ዘፋኝነቴ ሲያነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ውድድሩ ነው። ዳኞቹ ምን አሉ፣ ፈርተሽ ነበር ወይ፣ ቤተሰብ እንዴት ፈቀደ። መልሱን ሸምድጄዋለሁ፣ ተኝቼም ብጠየቅ አልሳሳትም። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ ብቻዬን መዝፈን አልፈልግም ነበር። ብቻዬን የምዘፍነው ነገርም አልነበረኝም። የማውቀው ሁለተኛ ድምፅ ብቻ ነው።

ያደግሁት ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ነው። እናቴ በልጅነቷ ከጎጃም የመጣች፣ ጾም የማትሽር፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የማትጠፋ ሴት ናት። አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ደግሞ ጴንጤዎች ነበሩ። እኩያዬ የሆነች ልጅ ነበረቻቸው፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ ነው የተዋወቅነው። ኦሮምኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። እኔም አማርኛ አስተማርኳት ብል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ቀድሞም ከእኔ የተሻለ ትናገር ነበር። እናቷን አዴ እላቸዋለሁ፣ እሷም እናቴን እማማ ትላታለች። ምሳችንን የምንበላው ምሳ ቀድሞ የደረሰበት ቤት ነበር።

እሷ የቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር ልጅ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ልምምድ ስትሄድ ተከትያት ሄጄ በረንዳው ላይ እጠብቃታለሁ። የሚያሠለጥናቸው ሰውዬ አጭርና ቁጡ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሁለተኛውን ድምፅ የሚይዙት ልጆች ግማሾቹ ቀርተው፣ የመጡትም እየሳቱ አናደዱት። ዞር ሲል እኔን አየኝና በእጁ እየጠራ "ኮቱ" አለኝ፣ ነይ ማለቱ ነው። ገባሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ውጪ ያለኝ የለም።

ኳየር ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚያንጎራጉረው አንደኛው ድምፅ ነው። ሁለተኛው ከሥሩ ይሄዳል። ለብቻው ቢሰማ ዜማ አይመስልም፣ ዘፈኑ የጠፋበት ሰው የሚያጉረመርም ነው የሚመስለው። ሁለቱ ሲገጥሙ ግን ቤቱ ይሞላል። እሷ አንደኛውን ትይዛለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ ሁለተኛውን። ጆሮዬን ወደ እሷ አዘንብዬ ነበር የምዘምረው። እሷ ወዴት እንደምትሄድ ከሰማሁ የእኔን ቦታ አገኛለሁ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ብዙ ተጨብጭቦልኛል፣ ግን እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እናቴ ስትሰማ ቤቱ ቀውጢ ሆነ። ልጄን አስኮበለሉብኝ ብላ ሳምንት ሙሉ አጥሩን አኮረፈችው። አዴ ዞረው መጥተው ተለማመጧት፣ ልጅቷ ዜማ ነው የምትወደው እንጂ ሃይማኖት አልቀየረችም አሏት። እናቴም ፍርዷን ሰጠች።

"ልምምዱ ጨዋታ ነው፣ ተጫወቺ" አለችኝ። "እሑድ እዚያ ቆማ አየናት ያለኝ ሰው ካለ ግን እግርሽን ነው የምሰብረው።"

ስለዚህ የልምምድ ዘማሪ ሆንኩ። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ አገር ይኑር አይኑር አላውቅም። ቅዳሜ እንደ ማንኛቸውም እለማመዳለሁ፣ እሑድ ጠዋት እሷ የኳየሩን ልብስ ለብሳ ወደ ታች ስትወርድ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ከእናቴ ኋላ ኋላ ወደ ላይ እወጣለሁ። መንገድ ላይ ስንተላለፍ እናቴ እንዳታያት አድርጋ ምላሷን ታወጣብኛለች። ያጠናሁትን መዝሙር ሰው ፊት ሲዘመር አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁትም። አንድ ቀን ሰው ፊት አብረን እንቆማለን ትለኝ ነበር። ምኞቴ ይኸው ነው። ቴሌቪዥን፣ መድረክ፣ ዝና የሚባለውን ሁሉ ሌሎች ናቸው የተመኙልኝ።

የተሰጥኦ ውድድሩ ከአዲስ አበባ መጥቶ በከተማው አዳራሽ ሲመዘግብ ሁለታችንም ሄድን። ጥንድ ሆነን አንድ የታወቀ የሠርግ ዘፈን ልንዘፍን አጥንተናል፤ እሷ መዝሙር ባይሆንም ሠርግ ነው፣ ኃጢአት የለውም ብላ ነው የተስማማችው። በሩ ላይ የቆመው ልጅ ግን ቀና ብሎም ሳያየን ጥንድ አንቀበልም፣ አንድ አንድ ሆናችሁ ግቡ አለን። እንመለስ ስላት እጄን ይዛ ወደ በሩ ገፋችኝ። "ጀባዱ" አለችኝ፣ በርቺ። እሷ ራሷ አልገባችም፤ ውድድር የሚባል ነገር አትወድም።

ገባሁና ዘፈንኩ። ምን ዘፈንኩ? የማውቀውን። የዚያን ሠርግ ዘፈን ሁለተኛ ድምፅ፣ ከላይ ማንም ሳይኖር፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ሌላ መንገድ እንዳለ እንኳ አላሰብኩም፤ ለእኔ ዘፈኑ ያ ነው። ዳኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ዜማውን ሆን ብለሽ ነው የቀየርሽው ወይ አለችኝ። ምን እንደምትል ስላልገባኝ አዎ አልኳት። ድፍረቷን ወደድኩት ብላ አሳለፈችኝ። ስወጣ ለጓደኛዬ ብነግራት ሳቋ አላስቆማት ብሎ አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለች። እናቴም እንደፈራሁት አልተቆጣችም፤ የሠርግ ዘፈን ከሆነስ ምን አለበት፣ ጴንጤ ከመሆን ይሻላል ብላ መረቀችኝ።

አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ዙር አልፌ ወደቅሁ። ግን ከተመልካቾቹ መሃል አንድ የቲያትር አዘጋጅ ነበር፤ ሙዚቃዊ ቲያትር እያዘጋጀሁ ነው፣ ለአጃቢነት ትሆኚኛለሽ አለኝ። አጃቢ ሲል ጆሮዬ ቆመ። ከኋላ ቆሞ ከሥር መያዝ ማለት ነው፣ የእኔው ሥራ። ቀረሁ።

አጃቢዎቹ ጎበዞች ነበሩ፣ አልዋሽም። ግን አጠገቤ የምትቆመው ልጅ ወዴት እንደምትሄድ አላውቅም። እሷም አታውቀኝም። ትርኢቱ ሲያልቅ ሁሉም በየታክሲው ይበተናል፣ እኔም የተከራየሁት ክፍል ገብቼ የቀዘቀዘ ፓስታ እበላለሁ። በከተማው ሰው የሚበዛ ይመስለኝ ነበር። ይበዛል፣ ግን ለእኔ አይደለም።

ቆይቶ የዋናዋ ዘፋኝ መውለጃ ደረሰና አዘጋጁ ቦታዋን ለእኔ ሰጠኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጨፍር ነበር፣ እኔ ግን ለቀናት ራሴን አመመኝ። አፌ እየተንሸራተተ ከሥር ይገባል። ኦርኬስትራው ዜማውን ሲጀምር እኔ ከእሱ በታች ቦታ ስፈልግ እገኛለሁ። አዘጋጁ ብስጭት ብሎ ጥጥ አምጥቶ ጆሮዬን ደፈነው። ሌላ ሰው ስለምትሰሚ ነው፣ ማንንም አትስሚ አለኝ። ጆሮዬ ተደፍኖ የራሴን ድምፅ ብቻ ራስ ቅሌ ውስጥ እየሰማሁ ወራት ተለማመድኩ። ሠራ። ጥጡን ሳወጣም ማንንም መስማት ትቼ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሙሽራ ሆኜ፣ ንግሥት ሆኜ፣ እብድ ሆኜ ከፊት ዘፈንኩ። ጋዜጠኞች መጡ። ተከታታይ ድራማ ላይ ሥራ አገኘሁ፤ የወለጋ ልጅ ነሽ፣ በዚያ ቅላጼ ተናገሪልን እያሉ ይስቃሉ። ነቀምቴ ስሄድ ደግሞ እንደ አዲስ አበባ ሰው ነው የምታወሪው ይሉኛል። ምን ይሻላል?

ጓደኛዬ አስተማሪ አግብታ ጊዳ አያና ሄደች። እንደዋወል ነበር። ትርኢቴን እሷ አይታው አታውቅም፤ እኔም ልጆቿን በፎቶ ነው የማውቃቸው። አንድ ቀን ትመጪና አብረን እንቆማለን እላታለሁ፣ ትስቃለች። ከዚያ የዚያ አካባቢ ነገር ተበላሸ። ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ስልኩም ተቋረጠ። የምደውልለትን ቁጥር ማግኘት እንደማልችል የምትነግረኝን የተቀዳች ሴትዮ ድምፅ በቃሌ ያዝኩት። አዴ ጋ ስደውል እሳቸውም የሚያውቁት የለም፣ ያለቅሳሉ፣ አብሬ አለቅሳለሁ። ከዚያ ተነስቼ መድረክ ላይ የሠርግ ትዕይንት እጫወታለሁ። ሰው ያጨበጭባል። በዚያን ጊዜ ጭብጨባውን ጠላሁት፣ እውነቴን ነው።

ብዙ ከቆየ በኋላ አዴ ራሳቸው ደወሉ። መጣች አሉኝ፣ ከነልጆቿ ከነባሏ፣ ደህና ናት። የአዴን ስልክ ተቀብላ ስታናግረኝ ሁለታችንም የረባ ነገር አላወራንም።

የሚቀጥለው በዓል ሲደርስ ድራማችንን የሚያሳየው የቴሌቪዥን ጣቢያ ለበዓል ፕሮግራሙ ከትውልድ ቀያችን የምንወደውን ሰው ይዘን እንድንቀርብ ጠየቀን። ሌሎቹ ምርጫው ከበዳቸው፣ እኔ ሳይጨርሱልኝ መለስኩላቸው። በነጋታው አውቶብስ ተሳፈርኩ። አኖ ከተማ ላይ ምሳ ስንበላ አንዲት አስተናጋጅ አውቃኝ ፎቶ እንነሳ አለችኝ፤ ብዙ ጊዜ ይሰለቸኛል፣ ያን ቀን ግን አቅፌያት ተነሳሁ። በመንገዱ ሁሉ ሁለተኛውን በልቤ እየፈለግሁ ነበር የመጣሁት። ከፊት መቆም በቅቶኝ ነበር። እሷ ትጀምር፣ እኔ ጎኗ ልሁን፣ ሰውም ይየን፤ የፈለግሁት ይህን ብቻ ነው።

አዴ ቤት አገኘኋት፤ ከስታለች። ፀጉሯ ከግንባሯ በኩል ሸብቷል። ተቃቅፈን ቆየን፣ አዴ ከኋላ ሆነው ሁለታችንንም ይደባብሱናል። ስለ ጊዳ አያና አልጠየቅኋትም፣ እሷም አላነሳችም። ስለ በዓሉ ስነግራት እሺ ለማለት አልዘገየችም። እዚያው ቤት ውስጥ፣ ልጆቿ እያዩን፣ ያንኑ የሠርግ ዘፈን ጀመረች። ድምጿ ቀጥኗል፣ ግን እሷው ናት። እኔም አፌን ከፈትኩ።

የወጣው አንደኛው ነው። ሁለታችንም አንድ ዜማ ላይ ተደራረብን። ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ እንደገና ጀመርን። አሁንም አንደኛው። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አዘነበልኩ፣ የድሮው ቦታዬ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። በሦስተኛው ጊዜ ማንም አልሳቀም።

"ተዪው" አለችኝ ቀስ ብላ። "አንቺ አንደኛውን ያዢ፣ እኔ እከተልሻለሁ።"

ከሥሬ ገባች። የእኔን ድምፅ፣ የእኔን ሁለተኛ፣ እኔ እስትንፋስ የምወስድበት ቦታ ላይ እስትንፋስ እየወሰደች ዘፈነችው። ስንጨርስ ከየት ተማርሽው አልኳት። ጊዳ አያና ያለው ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛውን የሚይዝ ሰው አልነበረም አለችኝ። አንደኛውን ለሌላ ሰው ሰጥታ፣ እኔ እንዴት እንደምይዘው እያስታወሰች ሴት ልጆችን ሰብስባ አስተምራለች። እሷም ከእነሱ ጋር ከሥር ትቆም ነበር።

"አንቺን አንቺን የሚሉ ልጆች ነበሩኝ" አለች።

ልጆቹ የት እንዳሉ ጠየቅኋት። ተበትነዋል፣ አላውቅም አለችኝና ሕፃኗን አንስታ አቀፈች።

ለበዓሉ ይዣት መጣሁ። የሀገር ልብስ አለበሱን፣ አቅራቢዋ የልጅነት ጓደኝነታችንን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረችና መብራቱ በራ። በመጨረሻ ሰው ፊት አብረን ቆምን። ነቀምቴ እናቴና አዴ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው እያዩን ነው። እሷ ጆሮዋን ወደ እኔ አዘንብላ ወዴት እንደምሄድ ትሰማለች፣ አንድም ቦታ አልሳተችም። የእኔ አንገት ቀጥ ብሎ ነበር፤ ጆሮዬን የማዘነብልለት፣ ከፊቴ የሚመራኝ ድምፅ አልነበረም።

ጭብጨባው ሲያበቃ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ደስ አለሽ ወይ አለችኝ። እንደዚያ ስትስቅ ከልጅነታችን ወዲህ አይቻት አላውቅም። አዎ አልኳት።