ልጄና አናባቢ የሌላቸው ቃላት

እንግሊዝኛ ሳስተምር ከሁሉም የሚያናድደኝ ጥያቄ "ቲቸር፣ ለምን?" የሚለው ነው። እንግሊዝኛ ለምን የለውም። የእኛ ፊደል አናባቢውን አዝሎ ነው የሚወለደው፤ የእነሱ ፍላይ፣ ስካይ፣ ድራይ ውስጥ ግን ከአምስቱ አናባቢዎች አንዷ እንኳ የለችም። ዋይ የምትባለው ፊደል ብቻ የሁሉንም ሥራ ሸፍና ትውላለች። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ "ዝም ብላችሁ ያዙት" እላለሁ። የመርሳ ከተማ ተማሪ የሚያውቀኝ በዚህ ጠባዬ ነው።

ልጄ ግን እነዚህን ቃላት ወደደቻቸው። ልጄ ስትናገር ይይዛታል። በተለይ በ"አ" ወይም በ"ኤ" የሚጀምር ነገር ሲመጣ ጉሮሮዋ ዝግት ይላል። ስድስተኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣቱን ትታዋለች፤ ሲጠይቋትም ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች። ከነጭራሹ አፏን ዘግታ እንዳትቀር ፈራሁ። ወልድያ ለሚደረገው የስፔሊንግ፣ ቃልን በየፊደሉ የመቁጠር፣ ውድድር ልመዝገብ ስትለኝ ደስታና ድንጋጤ የተደባለቀብኝ ለዚህ ነው። ሰው ፊት ቆማ ቢይዛትና ቢስቁባት፣ ከዚያ በኋላ ማን ያናግራታል?

"አ... አናባቢ የሌላቸውን በደንብ ላጥና" አለችኝ። አናባቢ ከሌለ የሚይዛት ነገር የለም ብላ ነው። እኔም አመንኳት። ሁለታችንም ሞኞች!

ለካስ ፊደሎቹ ስም አላቸው። ኤፍ፣ ኤል፣ ኤስ፣ ኤች፣ ኤም። ተነባቢ ነን ይላሉ እንጂ ስማቸው በአናባቢ ነው የሚጀምረው። ይህን ያስተዋልኩት ሳህን እያጠብኩ፣ እሷ ጓዳ በር ላይ ቆማ ፍላይን ስትቆጥር ነው። ኤፍ ላይ ቆማ ቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅሪ ልላት አልቻልኩም፤ ሂጂ ለማለትም ሆዴ እሺ አላለኝም።

የውድድሩ ዕለት አባቴም ካልሄድኩ አሉ። ግራና በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ከእንግሊዝኛ ጋር ሰላምታም የላቸውም። "የልጅ ልጄ ሰው ፊት ስትቆም እኔ ቤት ልቀመጥ? ወላሂ አይሆንም!" ብለው ነጭ ኮፍያቸውን አጥልቀው መጡ። አዳራሹ ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። እኔ አጠገባቸው ሆኜ የነጠላዬን ጫፍ ስጠመዝዝ ቆየሁ።

ተራዋ ደረሰ። ዳኛው መነጽር ያደረገ ወጣት መምህር ነው። ቃሉን ሰጣት፤ ሪዝም። ምት ማለት ነው። አንድም አናባቢ የለውም፤ አብዛኞቹ ፊደሎች ግን ስማቸው ልጄን የሚይዛት ዓይነት ነው። ወዬው ጉዴ፣ አልኩ በልቤ።

ልጄ ፊደል ስትቆጥር መዳፎቿን ወደ ላይ ትዘረጋና ጣቶቿን ታያለች። "አ... አ... አር" አለች። ኤች ላይ ስትደርስ ቆመች። የአንገቷ ሥር ሲገታተር አየሁ። ከኋላ አንድ ልጅ ኪኪኪ ሲል ሰማሁና ደሜ ፈላ።

"አሚን!" የሚል ድምፅ ፀጥታውን ሰበረው።

አባቴ ናቸው። በእኛ አገር ዱዓ ሲደረግ፣ አድራጊው ትንፋሽ ሊወስድ ባረፈ ቁጥር የተቀመጠው ሁሉ "አሚን" ይላል፤ ዝም ማለት ነውር ነው። መዳፏን ዘርግታ፣ እሳቸው የማያውቁትን ቋንቋ እየጠራች እረፍ ስትል ቢያዩ ጊዜ ዱዓ መሰላቸው። አጠገባቸው የነበሩ አንዲት እናትም ሳያስቡት "አሚን" አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ!

ልጄ ግን ተነፈሰች። "ኤች" አለች።

"አሚን!"

"ዋይ።"

"አሚን!"

አዳራሹ ሳቀ። እሷ ማንንም አላየችም፤ አያቷን ብቻ እያየች እስከ መጨረሻው ኤም ድረስ ቆጥራ ጨረሰች። አባቴን ዝም ላሰኛቸው ክንዳቸውን ይዤ ነበር፤ መቼ እንደለቀቅሁት አላውቅም።

ዳኛው አልሳቀም። "ተመልካች ተወዳዳሪ ከረዳ ውጤት ይሰረዛል" አለ። ወዲያው ግን አሳዘነችው መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኚህ አባት ረድተውሻል?" ሲል ጠየቃት። ራሷን ግራና ቀኝ ብትነቀንቅ አለፈች ማለት ነው። ደግሞም ውሸት አይደለም፤ ኤ ቢ ሲ የማያውቁ ሰው ምን ሊረዷት! ነቅንቂ፣ የኔ ልጅ፣ ነቅንቂ እያልኩ በልቤ ለመንኳት።

"አ..." አለች። ያዛት። ዳኛው ጠበቀ። "አ... አ... አያቴ ናቸው። አ... አዎ፣ ረድተውኛል።"

ተሰረዘች።

በሚኒባስ ወደ መርሳ ስንመለስ መንገድ ላይ ያለችውን ሲሪንቃን አለፍን። አባቴ "በገዛ አፌ ልጄን ጣልኳት" ብለው ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠች ሴትዮ ልጄ ደረት ላይ የተለጠፈውን የተወዳዳሪ ቁጥር አየችና "የኔ ቆንጆ፣ ውድድር ነበረሽ? እንዴት ሆንሽ?" አለቻት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሁልጊዜም ፈጥኜ የምመልሰው እኔ ነኝ፤ ልጄ እንዳትጨነቅ ብዬ። አፌን ከፈትኩ። ልጄ እጇን ክንዴ ላይ አሳረፈች።

"እ... እማ፣ ቆይ። እ... እኔን ነው የጠየቁኝ።"

ሴትዮዋ ጠበቀቻት። እኔም አፌን ዘጋሁ፤ በዚያ ቀን ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነበር።